ጋሼ ኸይሩና የሐጂ ሰዒድ ቤት

ጋሼ ኸይሩ መሞታቸውን የነገረኝ የጎረቤት ሱቁ ጀማል ነው። ዚፕ በየቀለሙ እየለየሁ ካርቶን ውስጥ ስከት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሰማሽ ብርቄ? መምህሩ አረፉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ» አለኝና ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰማያዊውን ከጥቁሩ ጋር ቀላቅዬ እንደከተትኩት ያወቅኩት ጀማል ከሄደ በኋላ ነው።

ስለ እሳቸው ሳወራ እስከ ዛሬ «አሉ»፣ «መጡ» ነው የምለው። ስንት ጊዜ ተናድጄ አንቱታውን ልነሳቸው ሞክሬያለሁ፤ አፌ እሺ አይለኝም። ሰው ፊት ቆሜ እንድናገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የከዱኝም እሳቸው ናቸው።

የሐጂ ሰዒድን ቤት የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ቆርቆሮው የዛገ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። ያሠሩት ሐጂ ሰዒድ የሚባሉ የጥንት የቆዳ ነጋዴ ናቸው። ደርግ ወረሰው፤ ቀበሌው መጋዘን አደረገው፤ ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ተዘግቶ የአይጥ መፈንጫ ሆነ። ጋሼ ኸይሩ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ እንደወጡ ቀበሌውን ደጅ ጠንተው ቁልፉን ተቀበሉ። ቆሻሻውን ራሳቸው ጠረጉ። ከሐጂው ዘመዶች የተረፈውን ሚዛን፣ የጉዞ ሳጥን፣ ፎቶግራፍ እየለመኑ ሰበሰቡና በሩ ላይ በቀይ ቀለም «የሐጂ ሰዒድ ቤት ሙዚየም» ብለው ጻፉ። የሰፈሩ ሰው ሳቀባቸው። መርካቶ ውስጥ የማይሸጥ ዕቃ ደርድሮ መቀመጥ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ክረምት ሲመጣ ግን ሳቁ ቆመ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደገና እስኪከፈት ድረስ ቅዳሜና እሑድ ቤቱን ለሰፈሩ ክፍት አደረጉት። ጠዋት ጓሮ እንቆፍራለን፣ እንተክላለን። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ቤቱና ስለ ገበያው እንማማራለን። ተማሪ አለ፣ ባለ ሱቅ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት አለች። የክረምቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ደግሞ ሁሉም ከየቤቱ አንድ አሮጌ ዕቃ አምጥቶ ታሪኩን ይናገራል። አንዷ ጎረቤታችን የተሰበረ ፕሪሙስ ይዛ መጥታ፣ ስለ ባሏ ስታወራ ሁላችንንም አስለቀሰችን። ጋሼ ኸይሩ ፕሪሙሱን ከሐጂው ሚዛን ጎን አስቀመጡት፤ እዚያው እንደተቀመጠ ቀረ።

እኔ መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ አባሮኝ ነው። ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ በሰው ሱቅ ተቀጥሬ ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ዘው ብዬ ስገባ አንድ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ውጪና አንኳኪ» አሉኝ።

«በሩ ክፍት ነው እኮ!»

«ክፍት መሆኑን አይቻለሁ። የሰው ቤት ነው፤ አንኳኪ።»

ዝናቡ ውስጥ ተመልሼ ወጣሁና አንኳኳሁ። ፊት ለፊት እያዩኝ «ማነው?» አሉ። «ብርቄ ነኝ» አልኩ። «ግቢ ብርቄ፤ እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው ፎጣ ሰጡኝ። እሳቸውም እንደዚያው ነበሩ። ባዶ ክፍል ሊገቡ እንኳ በሩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ትንሽ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሳቅኩባቸው። በሁለተኛው ክረምት እኔም ሳላንኳኳ አልገባም ነበር።

ሲናገሩ ቀኝ እጃቸው ጠመኔ የያዘ ይመስላል። ቃል ሲጠፋባቸው ያንን የሌለ ጠመኔ በጣቶቻቸው መሀል ያሽከረክሩታል። የማይወዱት ቃል «ይመስለኛል» ነው። «አየሁ በሉ፤ ሰማሁ በሉ፤ ካላያችሁም ካልሰማችሁም አላውቅም በሉ» ይሉን ነበር። «አላውቅም ማለት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያልሆነውን ሆነ ማለት ነው።» ይህን ሲሉ ሳቅ አያውቁም።

ጓሮው መጀመሪያ የጠርሙስ ስብርባሪ ነበር። ጋሼ ኸይሩ ከአትክልት ተራ የተጣለ የጎመን ቅጠልና የበሰበሰ ቲማቲም በጋሪ እያስመጡ ከአፈሩ ጋር አብላሉት። ያንን ክረምት ሽታው አይጣል ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰደበን። በሚቀጥለው ክረምት ግን ጤና አዳሙና ጽጌረዳው ተንዠረገገ፤ ደርቋል የተባለው የሐጂው የሮማን ዛፍ ሳይቀር አበበ። ጋሪ ገፊዎቹ ጭነታቸውን በር ላይ ያራግፉና ይመለሳሉ። አንድ ቀን ጋሼ ኸይሩ መንገድ ዘጉባቸው።

«ለምንድን ነው የማትገቡት?»

«እግራችን ጭቃ ነው ጋሼ» አለ አንደኛው።

«የዚህ ቤት ምሰሶ በማን ትከሻ የመጣ ይመስልሃል? በሐጂ ሰዒድ? በሉ አንኳኩና ግቡ።»

ከነጭቃቸው ሳሎን አስገብተው፣ ክፍሉን ሁሉ እያዞሩ አሳዩአቸው፤ ለሚኒስትር እንኳ እንደዚያ የሚያስጎበኙ አይመስለኝም። ወለሉን ያጠብነው እኛ ነን። ማጉረምረማችን አልቀረም፤ ደስ ማለቱም አልቀረም።

እትዬ ዘይነባን ወደዚያ ቤት ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። እትዬ ዘይነባ በርበሬ በረንዳ ላይ በርበሬ የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ወሎዬ ሴት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጓሮውን ያያሉ። ግቡ ስንላቸው «ይቅርብኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ጋሼ ኸይሩ ዣንጥላቸውን ይዘው ወጡና አጠገባቸው ቆሙ። ብዙ አወሩ። በመጨረሻ እትዬ ዘይነባ እሺ ብለው በጓሮ በር ሊገቡ ሲሉ ጋሼ ኸይሩ አስቆሟቸው።

«በዚህ አይደለም፤ በዋናው በር ነው።»

«እናቴ በዋናው በር ገብታ አታውቅም ኡስታዝ» አሉ እትዬ ዘይነባ። ኡስታዝ የሚሏቸው መምህር ለማለት ነው።

«እንግዲያው እርስዎ ይግቡላት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ወንበራችንን አስጠግተን፣ የዚያን ዕለት የነገሩንን ሰማን። እናታቸው ዘምዘም የሐጂ ሰዒድ የቤት ሠራተኛ ነበሩ። በጣልያን ጊዜ፣ ሐጂው ለንግድ ርቀው ሄደው ሳለ፣ ጣልያን ሰው እያደነ ሲገድል ዘምዘም ሸሽተው የመጡ ሰዎችን ከቤቱ ሥር ባለ ጓዳ ደበቁ። ቁስላቸውን እያጠቡ፣ ከራሳቸው ጉርሻ ቀንሰው እያበሉ አተረፏቸው። «ሐጂው ሲመለሱ "ማን አዘዘሽ?" ቢሏት "ማንም" አለቻቸው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «እኔ ያኔ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። ያደግኩት ይህንን እየሰማሁ ነው።»

«ጓዳው የት ነው?» አሉ ጋሼ ኸይሩ።

እትዬ ዘይነባ ደረጃው ሥር ሄደው ወለሉን በእግራቸው መታ አደረጉ። ሳንቃውን ስናነሳው ከታች ጠባብ ክፍል ታየ። ጥጉ ላይ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ሰው የሚያስተኛ መደብ አለ፤ ከመደቡ በላይ ግድግዳው በኩራዝ ጭስ ጠቁሯል። ጋሼ ኸይሩ ወረዱና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ለእትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። በማግሥቱ መጥረጊያና ጨርቅ ይዤ ወርጄ ያንን መደብ የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ጉብኝቱ ከሐጂው ፎቶግራፍ መጀመሩ ቀረ፤ ከደረጃው ሥር ሆነ። እትዬ ዘይነባ ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹሕ ነጭ ሻሽ አስረው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ገበያ ውስጥም ስማቸው ተለወጠ፤ በርበሬ ሻጯ መባላቸው ቀርቶ የዘምዘም ልጅ ተባሉ። ሲጠሯቸው እንዴት ቀና ብለው እንደሚዞሩ ባያችሁ!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመርካቶ የሕንፃ ጊዜ መጣ። አሮጌው ሁሉ ይፍረስ፣ ፎቅ ይሠራ ተባለ። የሐጂ ሰዒድ ቤት ያለበትን ቦታ አንድ ባለሀብት ፈለገው። ቤቱ ቅርስ መሆን አለመሆኑን የሚያጣሩ ሰዎች መጥተው ነዋሪውን በስብሰባ እንደሚያነጋግሩ ተነገረን። ያንን ክረምት መትከሉን ትተን ንግግር ስንለማመድ ከረምን።

«አትለምኑ» ይሉን ነበር ጋሼ ኸይሩ። «ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ ይበቃል። መጀመሪያ እኔ ተነስቼ ታሪኩን አስረዳለሁ። ቀጥሎ እትዬ ዘይነባ። ከዚያ ብርቄ።»

«እኔ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም ጋሼ» አልኳቸው።

«ሌላ ሰው አትይ። እኔን እያየሽ ተናገሪ።»

ሙባረክ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ትልቅ ሰው ነው፤ ጂንስ ሱሪ ትከሻው ላይ ደርድሮ መንገድ ለመንገድ እየዞረ ይሸጣል። ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ሩጫ ነው። በዚያው ክረምት ሲሮጥ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ ሸቀጡም ተወሰደበት። ጋሼ ኸይሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘግይተው መጡ። ጓሮ ውስጥ አጠገቤ ቆመው፣ «ልጄ ቆሞ የሚሸጥበት አንድ ክንድ መሬት የለውም» አሉኝ። «ይድናል ጋሼ፤ አይዞዎት» አልኳቸው።

ስብሰባው የተደረገው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሊያጣሩ የመጡት እንግዶች ሰገነቱ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶላቸው ተቀምጠዋል። ጋሼ ኸይሩ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው ሲነሱ አጨበጨብን። ጠመኔ የሚይዘውን እጃቸውን ፈለግኩት፤ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ስለዚህ ቤት ብዙ ተናግሬያለሁ» ብለው ጀመሩ። «ዛሬ እውነቱን ልናገር። ቤቱ አሮጌ ቤት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ሰፈሩ ክረምት ክረምት የሚሰባሰብበት ነገር ይኑረው ብዬ ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ሥር ያለው የከሰል ጓዳ ነው። እዚያ የተደበቀ ሰው የለም። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለልማቱ እንቅፋት አንሁን።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ግራ ቀኝ ስመለከት ሁሉም እንደኔው አፉን ከፍቷል። ከፊት ወንበር እትዬ ዘይነባ ቀስ ብለው ተነሱ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ጋሼ ኸይሩን ከኡስታዝና ከአንቱ በቀር ጠርተዋቸው አያውቁም።

«ኸይሩ» አሉ። «እናቴንም አንተ ነህ የፈጠርካት?»

ጋሼ ኸይሩ አንገታቸውን ደፉ።

«አንተን እኮ ነው የምጠይቅህ! ወርደህ መደቡ ላይ ተቀምጠህ የለም? ከሰል ነው መደብ ላይ የሚተኛው?»

ከእንግዶቹ አንዱ በትሕትና «እናቴ፣ ይቀመጡ» አላቸው። «ታሪኩን ያጠኑት እሳቸው ናቸው። እሳቸው አይደለም ካሉ እኛ ምን እንላለን?»

ያን ጊዜ እኔ ተነሳሁ። እንደተባልኩት እሳቸውን እያየሁ ልናገር ቀና ስል፣ ጋሼ ኸይሩ በሰው መሀል ወደ ግቢው በር እየሄዱ ነው። ጀርባቸውን እያየሁ፣ «ጓዳውን አይቻለሁ! መደቡን በእጄ ጠርጌዋለሁ!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስደነገጠኝ። ወደ ኋላ አልዞሩም። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰዎች ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

ቤቱ መስከረም ሳይጠባ ፈረሰ። ግሬደሩ ከጓሮው ነው የጀመረው። እትዬ ዘይነባ ለማየት አልመጡም። ገበያ ውስጥ ሰው ስለ እናታቸው ሲጠይቃቸው «ኡስታዙ ውሸት ነው ብሏል፤ እንግዲህ ውሸት ነው» ይላሉ። አንዳንዱ ቀልድ አደረጋቸው። አንድ ቀን አምርረው እያለቀሱ፣ «ምናልባት እናቴ ልታስተኛኝ ብላ ያወራችው ተረት ይሆን እንዴ?» አሉኝ። ቤቱ በመፍረሱ ተናድጄ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አንጀቴ ነው ያረረው። ቤትስ ይፈርሳል። አንዲት አሮጊት እናቷን እስክትጠራጠር ማድረስ ግን ምን ይባላል?

ሕንፃው ሲያልቅ ከምድር ቤቱ ሱቆች በአንዱ ውስጥ ሙባረክን አየሁት። ጂንሱን በመስታወት ውስጥ ደርድሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነገሩ ያኔ ገባኝ።

ጋሼ ኸይሩን በሩቁ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ግን አንድ ከሰዓት ራሳቸው መጡ። በጣም አርጅተዋል። በሩ ክፍት ሳለ መዝጊያውን እንደ ልማዳቸው መታ መታ አደረጉ። «ማነው?» አላልኳቸውም።

«ብትሰድቢኝም አልቀየምሽ» አሉኝ።

«አልሰድብዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የቱ ነው ውሸቱ?»

«ታውቂዋለሽ እኮ ብርቄ።»

«ከአፍዎ ልስማው።»

ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ «ዘምዘም ነበረች» አሉ። «ጓዳው የዘምዘም ነው። የባለሀብቱ ሰዎች መጡብኝ። "አስጎብኚው ራሱ ቅርስ አይደለም ካለ ነገሩ ያልቃል፤ ለልጅህ ሱቅ አለ" አሉኝ። ሙባረክ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ቤቴ ቁጭ ብሏል። ምን ላድርግ?»

«ሳይመጡ መቅረት ይችሉ ነበር። ዝም ማለት ይችሉ ነበር። የእትዬ ዘይነባን እናት እዚያ ሰው መሀል ከሚክዱባቸው!»

«ዝምታ አንፈልግም አሉኝ።»

«እንግዲያው አሁን ሄደው ለእትዬ ዘይነባ ይንገሯቸው። ታመዋል።»

«ቤቱ ፈርሷል። ምን ያደርግላታል?»

«ቤቱን ማን ጠየቀዎት? እናታቸውን ይመልሱላቸው!»

ፊታቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። «እሺ» አሉኝ። «ጁምዓ ዕለት እሄዳለሁ። ቃሌ ነው።»

አመንኳቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንደገና አመንኳቸው፤ ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በደስታ ሮጬ ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው። «ዘምዘም እውነት ነው ብለዋል፤ ጁምዓ መጥተው ራሳቸው ይነግሩዎታል» አልኳቸው። እትዬ ዘይነባ ፈገግ አሉ። «አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ፤ ልታጽናኚኝ ይሆናል» አሉ። «ያዋረደኝ እሱ ነው፤ እሱ ይምጣና ይንገረኝ።» ጁምዓ ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ ትራስ ተደግፈው፣ በሩን ሲያዩ ዋሉ። በሚቀጥለውም ጁምዓ እንዲሁ። ጋሼ ኸይሩ ቤት ሄጄ ሳንኳኳ ቤተሰቡ «የሉም» ይለኛል፤ ከውስጥ ግን ሳላቸውን እሰማለሁ። እትዬ ዘይነባ በሩን እያዩ አረፉ። ጋሼ ኸይሩ ለቅሶም አልደረሱ።

እኔ ግን የእሳቸውን ለቅሶ ደረስኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ። ምናልባት አንድ ሰው እንኳ የሆነውን ነገር ሲናገር ለመስማት ይሆናል። ድንኳኑ ሞልቷል። ገና እንደተቀመጥኩ ሙባረክ ተነሳ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን ቁርጥ የአባቱ ነው።

«የአባቴን አንድ ሥራ ልናገር» አለ። «ያን ሁሉ ዓመት የሠራውን ስም ሳይሳሳለት፣ ሰፈር ሁሉ ባለበት ተነስቶ "ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ" ያለ ሰው ነው። እንዲህ ደፍሮ እውነት የሚናገር ሰው ማን አለ? ባለሀብቱ እንኳ እውነተኛነቱን አይቶ ነው በኋላ ጠርቶ ሱቅ የሰጠኝ። እኔ እስከ ዛሬ በዚያ እውነት ነው የምኖረው።»

ሰው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ሙባረክ በዓይኑ ሲፈልግ አገኘኝ።

«እትዬ ብርቄ አሉ፤ እሳቸው እዚያ ነበሩ። እስቲ እትዬ ብርቄ፣ አባቴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይንገሩን።»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ዘምዘም የሚለው ስም ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ዘይነባ የሚለውም። ተነስቼ የሙባረክን ፊት አየሁ። ምንም አያውቅም። ይህ ሁሉ ነገር የተደረገው ለእሱ መሆኑን የነገረው የለም። አባቱን ከቀበረ ገና ማግሥቱ ነው።

«አባትህ» አልኩት፣ «ላንተ ሲሉ ያላደረጉት ነገር የለም።»

ሙባረክ ሁለት እጄን ጨብጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ዙሪያውን የተቀመጡት «እውነት ነው፤ እውነት ነው» አሉ። ሙገሳ መስሏቸው ነበር።